ማስተካከያ፦ የግድግዳ ዋይፋይና የክፍሉ ስልክ

ለሆቴልና ለቢሮ ስለሚሆነው፣ የክፍሉ ስልክም ከሥሩ ስለሚሰካበት የግድግዳ ዋይፋይ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ማንኛውም ፒኦኢ ስዊች ይበቃል፤ የክፍሉ ስልክም ከዚያው ኃይል ያገኛል» ተብሎ ነበር። ልክ አይደለም። ብዙ ገንዘብ ሊያስወጣ ስለሚችል በደንብ መታረም አለበት።

ፒኦኢ ማለት ኤሌክትሪክን በኔትወርክ ኬብሉ መላክ ነው፤ ስዊች ደግሞ የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚገናኙበት ሳጥን ነው። በኬብል ኃይል የሚልክ ስዊች ሁሉ ግን አንድ አይደለም። 802.3ኤኤፍ በሚባለው የፒኦኢ ደረጃ የሚሠራ ስዊች ከአንድ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ቢበዛ 15.4 ዋት ይሰጣል። ኬብሉ ላይ ከሚባክነው በኋላ ለመሣሪያው የተረጋገጠው 12.95 ዋት ነው። ይህ ዋይፋዩን ያስነሳል፤ ለስልኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እንግዳው ኢንተርኔት አለው፣ ስልኩ ግን ድርግም ብሏል። ባለሙያውም ደህናውን ስልክ ሲፈታ ይውላል! ሁለቱም እንዲሠሩ እስከ 30 ዋት የሚሰጠው 802.3ኤቲ ያስፈልጋል።

ከዋይፋይ መሣሪያው ሥር ካሉት ፖርቶች ኃይል የሚያሳልፈውም ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ጭራሽ የማያሳልፉ ሞዴሎችም ስላሉ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

የስዊቹን ጠቅላላ ዋትም እዩ። 24 ፖርት በ30 ዋት 720 ዋት ይሆናል፤ ብዙዎቹ ይህን አይችሉም። ስዊቹን ቀድሞ የገዛ ሰው ለስልኩ የራሱን አዳፕተር ሊሰካለት ይችላል።