ለወንዜ ልጆች የቀረበ ምስጋና

በሰኔ መጀመሪያ እሑድ ማለዳ የሰፈሬ ነዋሪዎች የቀበናን ወንዝ ለማጽዳት በገዛ ፈቃዳቸው ግልብጥ ብለው ሲወጡ ያየ ሰው፣ «የወንዝ ልጅ» የሚለው አጠራር ለማን እንደ ተበጀ ይገባዋል። አንድ ሰዓት ተኩል በፈጀው ዘመቻ የታየውን ትጋት ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛልና፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ማቅረብን መርጫለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማደንቀው የልብሳቸውን ንጽሕና ነው። ለዕለቱ የታደለው ነጭ ቲሸርት ወንዝ ጠርጎ ሲመለስ አንዲት የጭቃ ጠብታ እንኳ አላረፈችበትም፤ ጎረቤቶቼ ቆሻሻን ሳይነኩ የማስወገድን ጥበብ ተክነውታል ማለት ነው። አካፋው አራት፣ ሰዉ ግን ስልሳ ያህል ስለ ነበር፣ አንዱ አካፋውን ይዞ ፎቶግራፍ ሲነሣ ሌላው ተራውን እየጠበቀ፣ የተነሣውም ለሚቀጥለው እያስረከበ፣ ያለ አንዳች ግፊያ ሥራው ተከናወነ። በታክሲ ሰልፍ ላይ እንዲህ ያለ መተሳሰብ አይቼ አላውቅም። ባነሩም ቢሆን የተዘረጋው በዘፈቀደ አልነበረም። ከድልድዩ ሥር የተቆለለው ክምር ፊት ለፊት ስለ ተወጠረ፣ ክምሩ ከፎቶግራፉ ላይ ሙልጭ ብሎ ጠፋ፤ ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ሲያጋዙ ቢውሉ እንኳ ይህን ያህል አይጠራላቸውም ነበር።

ንግግሩ ሲረዝምና ፀሐዩ ሲከር ለተሳታፊዎች ሃይላንድ ውኃ ታደለ። ባዶው ፕላስቲክ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ነገረኛ አይጠፋም፤ እኔ ግን ለቀጣዩ ዘመቻ ሥራ እንዳይጠፋ ተብሎ በአደራ ለወንዙ መሰጠቱን እንደ አርቆ አሳቢነት እቈጥረዋለሁ።

የጎረቤቶቼ ቸርነት በእሑድ የሚወሰን እንዳይመስላችሁ። ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት በየደጃፉ እየዞሩ እንደሚወስዱ እያወቁ፣ እነዚያን ሠራተኞች ላለማድከም ሲሉ ብቻ የቤታቸውን ቋጠሮ በፌስታል አሥረው፣ ማታ ሰው ሲያርፍ ራሳቸው ከድልድዩ ላይ ወርውረው ይሸኙታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥን ፌስታል በተመለከተ እገዳ ጥሎ ነበር፤ ይሁንና ከድልድይ ላይ በጨለማ የሚወረውር ሰው ሚሊ ሜትር የሚለካበት መብራት ከየት ያመጣል?

ከሁሉም የምጽዋት ሥርዓት የገባቸው ግን የመጸዳጃ ቤት ጉድጓዳቸው የሞላባቸው ባለቤቶች ናቸው። ቀን ቢያደርጉት ለታይታ ይመስልባቸዋል። ስለዚህ የሐምሌን ዶፍ ይጠብቃሉ፤ ሌሊት ነጎድጓዱ ሲያጓራ ወደ ወንዙ ያዞሩትን ቱቦ ከፍተው ስጦታቸውን በስውር ይለቅቃሉ፤ ዝናቡም ያወረደው ሁሉ የራሱ ነው ተብሎ ይወቀስላቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ባለፈው እሑድ ጓንት አጥልቀው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ «ይህን ወንዝ እንዲህ ያገማው ማን ይሆን?» ብለው ከልባቸው ሲያዝኑ ስሰማ፣ እንባዬን መግታት አቅቶኝ ነበር።

መልሱ በሰፈሩ ዘንድ አንድ ነው፦ የላይኞቹ ናቸው። ከእኛ ራስጌ ያሉትን ብትጠይቁ እነርሱም ከእነርሱ በላይ ያሉትን ያመለክታሉ፤ እንዲህ እያለ ጣቱ እንጦጦ ሥር ይደርስና፣ ጥፋተኛው ገና ከዐለት የፈለቀው ንጹሕ ምንጭ ሆኖ ይገኛል። ግርጌ ስላሉት የሚያነሣ ግን የለም። ቀበና የተረከበውን ይዞ ታላቁ አቃቂን ይቀላቀላል፤ አቃቂ ደግሞ በዳርቻው ያለውን የጎመንና የሰላጣ ማሳ አጠጥቶ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። የለገስነው ሳይመለስ አይቀርም። ጎመኑ ለምልሞ፣ በእቅፍ ታስሮ፣ ዓርብ ለጾም መሶባችን ላይ ይቀርብልናል፤ እኛም «እንዴት ያለ ወዝ አለው!» ብለን እንጐርሳለን። የቀረውን አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጭ ይወፍርበታል፣ የተረፈው ወደ አዋሽ ያልፋል። ዓባይ የሀገሩን አፈር ጠራርጎ ለባዕድ ሲያስረክብ ኖሯል እየተባለ ሲታማ፣ አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ ከጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ስለሚያበቃ፣ ጎረቤቶቼን ቢያንስ ሀብት አሸሻችሁ ብሎ የሚከሳቸው አይኖርም።

በዕለቱ ሥነ ሥርዓቱን ያወኩ ሁለት ልጆች እንደ ነበሩ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጆንያ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃው ውስጥ ገብተው፣ ለቆራሌው የሚሸጡትን ሃይላንድ እንደ አዘቦቱ ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ቲሸርትም ኮፍያም አላደረጉም። ፎቶግራፍ አንሺው ሦስት ጊዜ ዐይኑን ከካሜራው ላይ አንሥቶ እጁን ካወናጨፈ በኋላ አንድ አስተባባሪ ወደ ዳር ወርደው፣ ጽዳት ላይ ስለ ሆንን ለጊዜው ዘወር እንዲሉ በትሕትና ነገሯቸው።