ይድረስ ለአቶ ሪጅን ኮድ፣ የዲስክ ኬላ ጠባቂ

ለአቶ ሪጅን ኮድ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በገንዘብ ተገዝቶ እስካሁን ያልታየ ፊልም እንዲታይ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከፊልሜ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህችን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ላፕቶፔ ፊት ተቀምጬ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ በሰው እጅ የላከችልኝ ዲስክ ትናንት ደረሰኝ። ፕላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩ፣ የሽፋኑን ጀርባ ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ ቡናዬን አስቀዳሁ፣ ከዚያ ላፕቶፑን አጎረስኩት። አልዋጠውም። በፊልሙ ፋንታ የእርስዎ ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ ተገተረ፦ ዲስኩ የ1 ቁጥር ነው፤ ላፕቶፑ የ5 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል፤ የቀረው የመቀየር ዕድል 1። ከአምስት ዕድል አንዷ ብቻ። አራቱ የት እንደገቡ ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ፤ አንደኛው የወንድሜ ልጅ ሥራ ነው።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ጎረቤትም ያነበዋልና ለማያውቅዎት ላስተዋውቅዎ። ዲቪዲ በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ገበያ ሲወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው የእኛን እንደማይቀበሉ ስለምገምት ነው) የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች ዓለምን እንደ ሰንጋ ቆራርጠው መደብ መደቡን ለእርስዎ አስረከቡ፤ የአንዱ ቁጥር ዲስክ በሌላው ቁጥር ዴክ እንዳይታይ። 1 ለአሜሪካና ለካናዳ። 2 ለአውሮፓ፣ ለጃፓንና ለመካከለኛው ምሥራቅ። 3 ለደቡብ ምሥራቅ እስያና ለደቡብ ኮሪያ። 4 ለአውስትራሊያና ለላቲን አሜሪካ። 6 ለቻይና ብቻዋን። 7ን ለክፉ ቀን አስቀመጡት። 8 ደግሞ መሬት የለውም፤ ለአውሮፕላንና ለመርከብ ነው። እኛስ? እኛ 5 ነን። ከሩሲያ፣ ከህንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከሞንጎሊያ፣ ከሰሜን ኮሪያና ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር። ሥጋው አልቆ የተረፈው አጥንት አንድ ላይ የተጠቀለለ ይመስላል።

ጂኦግራፊ ያስተማረዎትን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። ግብፅን ከአፍሪካ አንስተው ከለንደንና ከቶኪዮ ጋር 2 ቁጥር ላይ አስቀመጧት። ዓባይ ከእኛ 5 ሆኖ ይነሳና ካይሮ ሲደርስ 2 ይሆናል። ውሃው እንኳ ሳያስበው ቁጥር ይቀይራል፣ ያውም ስንት ዕድል እንደቀረው ሳይጠየቅ። ደቡብ አፍሪካም 2 ናት፤ ሌሶቶም አብራ 2 ገብታለች። እኛ ምን አስቀይመንዎት እንደሆነ አላውቅም።

የእኔ ቤተሰብ ደግሞ እርስዎ እንዲፈተኑበት የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። እህቴ 1 ናት። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ 2 ናት። ጓንጁ የሚነግደው አብሮ አደጌ 6 ነው። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ 5 ነኝ። ሰዎቹ በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን፤ ዲስኮቻችን ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ሙግትዎን አውቀዋለሁ፤ ሐቁን አልክድም። በዚያን ጊዜ ፊልም በሪል ተጠቅልሎ ነበር ከአገር አገር የሚዞረው። አሜሪካ ታይቶ ሲያበቃ ወደ ሌላው ይሻገራል። ዲቪዲው ኒውዮርክ ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ፊልሙ ሌላው አገር ሲኒማ ቤት ገና አልደረሰም፤ ዲስኩ ቀድሞ ከገባ የሲኒማው ወንበር ባዶ ይቀራል። ዋጋውም በየአገሩ ይለያያል፤ የማከፋፈል መብቱም ለየብቻ ይሸጣል። ይሁን፣ ነጋዴ ነው፣ ገበያውን ይጠብቅ።

አሁን የእኔን ዲስክ ይመልከቱልኝ። የ1950ዎቹ የጃፓን ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ። አዘጋጁ ከሞተ ቆይቷል። መጀመሪያ የታየበት ሲኒማ ቤት ዛሬ ቆሞ ስለመገኘቱ እጠራጠራለሁ። የማንን ወንበር ባዶ እንዳላስቀር ነው የሚጠብቁኝ? በዚያ ላይ ዲስኩን ያሳተመው የአሜሪካ ድርጅት ስለሆነ 1 ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ጃፓን ደግሞ 2 ናት። ፊልሙ ወደ ተወለደበት አገር ቢመለስ የገዛ መንደሩ ዴክ «አላውቅህም» ይለዋል ማለት ነው። ይህን ሳስብ የእኔን ችግር ትንሽ እረሳለሁ።

«ታዲያ የ5 ቁጥሩን ለምን አልገዛህም?» ይሉኝ ይሆናል። የት ነው የሚሸጠው? ሰብሳቢ የሚባል ሰው የሚፈልገው አሮጌ ፊልም ቧጨራው ተጠርጎ፣ ድምፁ ጠርቶ፣ ከትንሽ መጽሔት ጋር የሚታተመውን ነው። ይህን የሚያሳትሙት ቤቶች አንዱ አሜሪካ ነው፣ ሌላው እንግሊዝ ነው፤ መብቱን የገዙት ለየአገራቸው ስለሆነ ቁልፉንም እንደዚያው ያደርጉታል። በስንት ዓመት ሰብሳቢነቴ 5 ቁጥር የታተመበት ዲስክ ቤቴ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም የመጣው ጣጣ ይዞ ነው። የወንበር ቁጥር ሰጡን፤ ወንበሩ ግን አልተሠራም።

አንድ ቀን ተናድጄ ውስጥዎ ምን እንዳለ አጠናሁ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩልዎት። ዲስኩ ላይ ያለው ሁለንተናዎ አንድ ባይት ነው፦ ስምንት ቢት፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንዳንድ። «ይለፍ»፣ «አይለፍ» ከማለት ሌላ ሙያ የለዎትም። ዴክ የሚሠራ ፋብሪካ ሁሉ ረግጦዎት ሊያልፍ ይችል ነበር። ግን ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች። ፊልሙ ሲኤስኤስ በሚባል ምስጢራዊ ቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የሚፈልግ ፋብሪካ ውል መፈረም አለበት፤ ውሉ ደግሞ እርስዎን እንዲያከብር ያስገድደዋል። ያን ቁልፍ በ1999 በሰበረችው ፕሮግራም የተነሳ ዮን ዮሃንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ፍርድ ቤት ቆሟል። ፕሮግራሟ ስትወጣ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የኖርዌይ ፍርድ ቤቶች በ2003 ሁለት ጊዜ ነፃ አሉት፤ የገዛውን ዲስክ በገዛ ኮምፒውተሩ ማየት ሌብነት አይደለም ብለው። የእኔ ላፕቶፕ ኖርዌጂያንኛ አይሰማም እንጂ ፍርዱን ባነብለት ደስ ባለኝ።

መቼም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አንድ ሰሞን ቤቴ ውስጥ ሦስት ዴክ ነበረኝ። የዱባዩ ለ2። የአሜሪካው ለ1፤ እሱ በ110 ቮልት ስለሚሠራ ከምናለሽ ተራ ትራንስፎርመር ገዛሁለት፤ ትራንስፎርመሩ ከዴኩ ይከብዳል። ሦስተኛው የመርካቶ ርካሽ የቻይና ዴክ ነው፣ ከሦስቱ በጣም የማከብረው እሱን ነው፤ ምክንያቱም የሸጠልኝ ልጅ በሪሞቱ ተከታታይ ቁጥር ሲመታበት የተደበቀ ማውጫ ወጣና «ጋሼ፣ ዜሮ ላይ ያድርጉት፣ ሁሉንም ይበላል» አለኝ። በላም። ሁለት ዓመት ሙሉ በልቶ፣ ሌንሱ ደከመና አረፈ። የአሜሪካውን የወንድሜ ልጅ ያለ ትራንስፎርመር ሰክቶት ተቃጠለ። የዱባዩ አለ፤ ከ2 ቁጥር ሌላ አይቀምስም።

ያ የቻይና ዴክ በነበረበት ጊዜም ቢሆን አልተዉኝም። በ2000 ገደማ ሁሉን የሚበላ ዴክ መኖሩን ሰምተው ዲስኩን ራሱን ሰላይ አደረጉት፦ ገና ሲገባ ዴኩን «የየት አገር ሰው ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የሁሉም ነኝ» ካለው የዓለም ካርታ ስክሪኑ ላይ ዘርግቶ ከመጫወት ይቆማል። አንድ ዲስክ ቤቴ ገብቶ ካርታ አሳይቶኝ ሄዷል። ለጂኦግራፊ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ በኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ውስጥ ራስዎ ገብተው ተቀመጡ፤ ባለቤቱ ቁጥር መቀየር የሚችለው አምስት ጊዜ ነው፤ ከዚያ የመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ከቀበሌ ቀበሌ ስቀየር እንኳ መሸኛ የሚሰጠኝ ሰው አምስት ጊዜ ብቻ ነው ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያዋን ዕድል ለእህቴ ዲስክ ወደ 1 አጠፋሁ። ሁለተኛዋን ለአክስቴ ልጅ ዲስክ ወደ 2። ሦስተኛዋን ተመልሼ ወደ 1፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ለተፈጠረ ጉጉት (አልቆጭም፣ ፊልሙ ግሩም ነበር)። አራተኛዋን የወንድሜ ልጅ ከጓደኛው የተዋሰውን የህንድ ፊልም ሊያይ ሲል «እሺ» የሚለውን ሳያነብ ተጫነው። ያች ናት በዕድሜዬ ቤቴ የገባችው የ5 ቁጥር ዲስክ። ፊልሟን እስከ መጨረሻ እንኳ አላያትም፤ ዘፈኑ በዛብኝ ብሎ አቋረጣት።

እርስዎን የማያውቅ ሰው ቢኖር ኮፒ የሚሸጠው ልጅ ነው። ኮፒ ዲስክ ላይ የሉም። በቪሲዲ ሲወጡ በነበሩት የአማርኛ ፊልሞችም ላይ አልነበሩም፤ ቪሲዲ ሪጅን ኮድ የሚባል ነገር አያውቅም። ባለፈው ችግሬን ለአንዱ ሻጭ ሳወራው አንገቱን ነቀነቀና «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው እንዴ የገዙት? ኧረ በፈጠረዎት! ኦርጅናል እኮ አይሠራም» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ሠላሳ ዶላር የከፈልኩት እኔ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ ሳጥኑን እደባብሳለሁ፤ እሱ ያንኑ ፊልም በፌስታል አንጠልጥሎ ይዞራል። የኬላ ጠባቂ ጥበብ የሚባለው ይህ ከሆነ፣ ኮንትሮባንዲስቱን አሳልፎ ቀረጥ የከፈለውን የሚያስር ኬላ ሌላ የት ይገኛል?

በእኔ ብቻ ቢሆን ንቀት ነው ብዬ ዝም ባልኩ። በ2009 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ዋይት ሐውስ ሄዱ። ባርነትን ለመከላከል ከተሠማራ መርከብ እንጨት የተሠራ የብዕር ማስቀመጫ ለኦባማ አበረከቱ። ኦባማ በአጸፋው 25 የአሜሪካ ፊልሞች በዲቪዲ ሰጧቸው። ጋዜጦች በጊዜው እንደጻፉት ብራውን አገራቸው ገብተው ቢሞክሩት ዲስኮቹ የ1 ቁጥር ሆነው አልሠሩም። የፕሬዚዳንት እጅ መንሻ ኬላዎ ላይ ወደቀ! አድልዎ የለብዎትም፤ ይህን መቼም እመሰክርልዎታለሁ።

በሌላም ጉዳይ ይቅርታ አለብኝ። የዘመዴን ሠርግ እዚሁ አዲስ አበባ የቀረጸው ካሜራማን ዲቪዲ አድርጎ ሰጠን፤ ለእህቴ ላክንላት፤ ሜሪላንድ ላይ አልከፈት አለ። ያን ቀን ስምዎን እየጠራሁ ያልወረድኩብዎት የለም። ለካ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም፤ ቤት የተሠራ ዲስክ ላይ ቁጥር የለም። ጥፋቱ የዘመድዎ፣ የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት የሚባለው ነው፦ የእኛ ቴሌቪዥን ፓል፣ በሰከንድ 25 ምስል፤ የእነሱ ኤንቲኤስሲ፣ በሰከንድ 30 ገደማ። የአሜሪካ ዴክ አብዛኛው ፓል አያነብም። እህቴ ሙሽሪትን ሳታያት ሙሽሪት የሁለት ልጆች እናት ሆነች። ለእሱ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

እድገትዎንም ሰምቻለሁ። በ2006 የዲቪዲ ተተኪ የተባለው ብሉ ሬይ ሲመጣ ስምንቱን ቁጥር ወደ ኤ፣ ቢ፣ ሲ አወረዱት፤ እኛንም ከአውሮፓ ጋር ቢ ላይ አስቀመጡን። እንግሊዝ የሚታተመው አሁን ያልፋል፤ እህቴ የምትልከው ኤ ነው። በ2016 ባለ 4ኬው ዲስክ ሲወጣ ጭራሽ አልተቀጠሩም፤ እኔ ግን ለ4ኬ የሚሆን ቴሌቪዥንም ኪስም የለኝም። የዲስክ ገዥው ቁጥር በየአገሩ እየሳሳ ሲሄድ ነው ኬላውን የለቀቁት። ልጅዎ ኢንተርኔት ላይ ተቀጥሮ «ይህ ቪዲዮ በአገርዎ አይገኝም» እያለ መሆኑንም አይቻለሁ። አባቱን ነው የመሰለው።

አሁን ጥያቄዬ። እህቴ ለገና ስትመጣ ዐሥር ዲስክ ይዛ ትመጣለች፣ ሁሉም 1። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ትመጣለች፣ 2 ይዛ፤ የእሷን የዱባዩ ዴክ ከቆየ ይችለዋል። ዛሬ «እሺ» ካልኩ ላፕቶፔ እስከ ዕለተ ሞቱ 1 ሆኖ ይቀራል። እኔ ዲቪ እየሞላሁ ስንት ዓመቴ፣ አንድም ቀን አልደረሰኝም፤ እሱ በአንድ ክሊክ አሜሪካዊ ሊሆን ነው። ጣቴ ማውሱ ላይ ናት፤ ቡናው ቀዝቅዟል። ውሳኔዎን በደብዳቤ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የ5 ቁጥር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለእህቴ፣ በሚቀጥለው ሻንጣ ከቫይታሚኑ ጎን አንድ አሮጌ ዴክ ትጨምርበት ዘንድ፤ ትራንስፎርመሩ አለኝ።
ለወንድሜ ልጅ፣ ትራንስፎርመሩ የት እንዳለ እንዲያውቀው።