ይድረስ ለክቡር «የክፍያ ወር» ሳጥን

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

በግብር ቅጹ ላይ የያዙት ቦታ ጥፍር አያክልም። 19 ዓመቴን ግን ጠቅልለው ውጠውታል። ፋብሪካው ሲያሰናብተኝ የስንብት ክፍያዬ በሕጉ መሠረት ተሰላ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀሪው 18 ዓመት በየዓመቱ የ10 ቀን። ሲደመር ሰባት ወር። በ9,000 ብር ደመወዝ 63,000 ብር። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን እርስዎ ዘንድ ስትደርስ «ጥር» ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ፣ ከአንድ ወር በላይ አያስገቡም።

ማክሰኞ ዕለት «ይስተካከልልኝ» ብዬ ከፍራንኮ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ወደ ግብር ቢሮ ሄድኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰለፍኩ። መስኮት 5 ወደ መስኮት 2 ሰደደኝ። መስኮት 2 ወደ መስኮት 5 መለሰኝ። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ጫማዬን አየች። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«ጋሼ፣ በጥር ብቻ 63,000 ብር ደመወዝ ወስደዋል እኮ! ታዲያ 35 በመቶ ምኑ ይገርማል?»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ የቆመው ወጣት ትከሻዬን ነካ አደረገ። «ጋሼ፣ እዚያ ቤት ክፍት ቦታ ካለ ሲቪዬን ልስጥዎት?» ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ከፎልደሩ አውጥቶታል! የእኔንም ቦታ ዘግተውታል ልለው ፈልጌ አፈርኩ። ተቀበልኩት። አሁንም ቤቴ አለ።

ስሙኝ ክቡር። ያ ገንዘብ የጥር ደመወዝ አይደለም። በጥር አልሠራሁም፣ ተባርሬ ነበር! ለሰባት ወር ተከፋፍሎ ቢሰላ ግብሩ 9,800 ብር ነው። በእርስዎ በኩል ሲያልፍ 20,000 ሆነ። ከ14,000 ብር በላይ ያለውን የ35 በመቶ እርከን በሥራ ዘመኔ ደርሼበት አላውቅም። ሥራ ባጣሁ ማግስት አወጣችሁኝ። ልዩነቱ 10,200 ብር የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ቀኝ ጆሮዬን ለማሽን ድምፅ የገበርኩበት ነው።

ፎቶ ኮፒ አራት ጊዜ አምጣ ስለተባልኩት ዛሬ አላነሳም። «ሲስተም የለም»ንም እንደዚሁ።

አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። «ከ… እስከ…» የምትል ነገር አጠገብዎ ያስጠጉ። ለማክሰኞ እንደገና ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፣ እስከዚያ ይድረስልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመስኮት 5
ለመስኮት 2
ለመስኮት 5