ጆሮ ላለው ሊብሬ ምኑ ነው?

እንደ እኛ ጆሮ የታደለ ሕዝብ የትም የለም። ሌላው ዓለም ያገለገለ መኪና ሲገዛ ጎንበስ ብሎ ቁጥር ይለቅማል፤ እኛ ቆመን እንሰማለን። ባለፈው እሑድ የአጎቴ ልጅ ሱሉልታ ላይ «የፋብሪካ ቱርቦ» (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባው መሣሪያ ከፋብሪካው የተገጠመላት) የተባለች ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ይህን ጸጋ በዓይኔ አየሁ።

ከእንጦጦ ወርደን መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ደጃፍ ስንደርስ ኮፈኗ ተከፍቷል። ሻጩ አንድ፣ ደላላው ሁለት፤ የቀሩት ዘጠኙ ሲያልፉ «ምንድን ነው?» ብለው በዚያው የቀሩ ናቸው። መኪና የሚሸጥበት ቦታ ባለሙያ ተጠርቶ አይመጣም፣ ከመሬት ይበቅላል። አንዱ ጎልማሳ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እስቲ ነዳጅ ስጣት» አለ። ሰጣት። «ፕሽሽ» አለች። ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀና ፈረደ፦

«የፋብሪካ ናት። የሰው እጅ አልነካትም።»

እንግዲህ የቶዮታን ከንቱ ድካም አስቡት። ቱርቦ ያላትን ሴሊካ ጂቲ-ፎር ከእህቶቿ ለመለየት ሞዴሏን ኤስቲ205፣ ሞተሯን 3ኤስ-ጂቲኢ ብሎ ሰየመ፤ በብረት ሰሌዳም ጽፎ ኮፈን ሥር ለጠፈው። ቱርቦ የሌላት ኤስቲ202 ሞተሯ 3ኤስ-ጂኢ ነው። ልዩነቱ አንዲት «ቲ» ናት። ሱሉልታ ላይ አንድ ጆሮ ቢቀጥር ኖሮ ይህ ሁሉ ሰሌዳ ይቀርለት ነበር።

እኔ ደግሞ ነውሬን ልናገርና፣ ሰሌዳውንና ሊብሬውን አሳዩኝ አልኩ። ዝም ዝም ሆነ። ደላላው አዝኖ አየኝ። «ወንድሜ፣ ሰው እንዴት ሰውን አያምንም?» ሻጩ እጄን ይዞ ወደ ኋላ ወሰደኝና ሻንጣው ላይ የተለጠፈችውን «ቱርቦ» የምትል ጽሑፍ አሳየኝ። ሶማሌ ተራ ይህን ጽሑፍ ስትገዛ ሞተርህ ምን እንደሆነ የሚጠይቅህ የለም፤ እንዲህ ነው መተማመን።

ጆሮዬ ያልሠለጠነ ስለሆነ ካርቶን አንጥፌ ከሥር ገባሁ። ጂቲ-ፎር በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና ናት፤ ከኋላ ጎማዎቿ መካከል ዲፈረንሻል፣ ከፊት ወደ እሱ የሚሄድ ረጅም ዘንግ ሊኖራት ይገባል። ያየሁት ማርሚታ ብቻ ነው። ወደ ሞተሩ ሳብ ስል ዘይቱ ከሥር የሚጠራቀምበት ኮፓ ጎን ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው ላይ ጎማ ቱቦ ተሰክቷል፤ ቱቦውን የጨበጠው የውሃ ቱቦ ማሰሪያ ነው። ከቱርቦው ዘይት የሚመለስበት መሆኑ ነው። ፋብሪካ ቢሆን መመለሻውን ገና ሞተሩን ሲሠራ ያዘጋጅለታል እንጂ ኮፓ በስቶ አይበይድም። አንድ ጠብታ ዘይት ግንባሬ ላይ አረፈች፤ እንደ ጠበል ተቀበልኳት።

«የኋላው ዲፈረንሻል የት ሄደ?» አልኩ እንደተጋደምኩ።

«እሱንማ አስወጣሁት፤ ክብደት ሆኖባት ነዳጅ ትበላ ነበር» አለ ሻጩ። ከላይ የአድናቆት ማጉረምረም ሰማሁ።

የሞተሩን ሆድ ደግሞ ማን ያያል? ቱርቦ ላለው ሞተር አየሩ ታምቆ ስለሚገባለት ፋብሪካው የሲሊንደሩን እመቃ ዝቅ ያደርገዋል፤ የኤስቲ205 8.5 ለ1 ነው። ቱርቦ የሌለው ከ10 ለ1 ያልፋል። እሱ ላይ ዝም ብለህ ቱርቦ ስትጭንበት ቤንዚኑ የካንዴላን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ እየፈነዳ ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል። ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለርና ኮምፒውተሩን አስተካክሎ የገጠመ ሰው አልነቅፍም፤ ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሯጮች ሳንባ ሊያጠነክሩ የሚመጡባት፣ ሞተርም የሚያለከልክባት። ቱርቦ እዚህ መድኃኒት ነው። ግን «ተቀይሯል» ብሎ በተቀየረ ዋጋ የሸጠ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በዚችው በኤስቲ205 የቶዮታ ራሊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ካታሎኒያ ላይ ተይዞ ነበር። ቱርቦው ውስጥ አየር ከሕጉ በላይ የሚያስገባ ስውር ዘዴ ሠርቶ ለአንድ ዓመት ታገደ። ተቆጣጣሪዎቹ ይህን ያገኙት ዕቃውን ፈታተው ነው። ፈታተው! ምነው ያን ጊዜ አንድ ባለጋቢ በላክንላቸው።

ልብሴን አራግፌ ብነሳ የአጎቴ ልጅ እያመነታ ነው። ሞተሯን አስጠፋና ስለ ዋጋ ሊነጋገር ደላላውን ገለል አደረገው። በዚህ መሃል ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ቁልቁለቱን ጨርሶ ከፊታችን ቆመ፤ የአየር ፍሬኑን ለቀቀው፦ «ፕሽሽሽ!»

ጎልማሳው ዓይኑን አልገለጠም። ጣቱን ወደ ሴሊካዋ ቀሰረ።

«ሰማችሁ?»