ጦርነት መቻል ክትባት አይደለም

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ኃላፊ፣ ከእንግዲህ «ጭንቀት» ተብሎ የሚጻፍ የሕመም ፈቃድ እንደማይቀበሉ ለሠራተኞቻቸው ነግረዋል። ምክንያታቸው ከውሳኔው ይብሳል፦ የ2014ቱን ጦርነት የቻለ የወሎ ልጅ በሺፍት ለውጥ አይታመምም።

የሚገርም ስሌት ነው። በዚያ መከራ ያለፈ ሰው ለሚቀጥለው ጫና የበለጠ ተጋላጭ ሊሆን ይችላል እንጂ ብረት አልሆነም። ሐኪሞች አጀስትመንት ዲስኦርደር የሚሉት፣ ከኑሮ ለውጥ ወይም ጫና ጋር መላመድ ሲያቅት የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ደግሞ መድፍ አይጠብቅም። ፍቺ ይበቃዋል። ከደላንታ ወርዶ ለአራት በአንድ የኪራይ ክፍል ማደር፣ ሌሊቱን ሠርቶ ቀን በጋለ ቆርቆሮ ሥር ከእንቅልፍ ጋር መታገልም ይበቃዋል። ምልክቱ ነገሩ በደረሰ በ3 ወር ውስጥ ይጀምራል፤ መንስኤው ሲወገድ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይለቃል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ይመላለሳል፣ እንባ ይቀድማል፣ መርፌው ከጨርቁ ይልቅ ጣት ያገኛል። ከተራ ድካም የሚለየው ከነገሩ መጠን ማለፉና ኑሮን ማሰናከሉ ነው። በደም ምርመራ አይታይም፤ ስለማይታይ ውሸት ነው የሚል ሰው ራስ ምታትንም ይካድ።

ሕጉም አሮጌ ቀዳዳ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት መሆኑ ነው። የሕመም ፈቃድ መብት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ እስከ 6 ወር፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ያለ ክፍያ። እንግዲህ ቁጠሩት። ጫናው ከአዲሱ ሥራ ጋር ከመጣ፣ ሕመሙ ብቅ የሚልበት 3 ወር አብዛኛው አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ፈቃድ በሌላት፣ ለሥራው አትሆኚም ተብላ ያለ ማስጠንቀቂያ በምትሰናበትበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ያንን አልፋ መብት ያገኘችዋን ደግሞ ኃላፊው ወረቀቷን ይጥሉባታል። እሷ ትሄዳለች፤ በቦታዋ ሌላ አዲስ ትገባለች፤ አሥሩ ሳምንት እንደገና ይጀመራል። ከዚያ ሠራተኛ አይበረክትልንም ይባላል!

አስመሳይ የለም ወይ? አለ፤ ለሆድ ቁርጠትም አለ።

ፈውሱ ውድ አይደለም። የጤና ክፍሏ ነርስ ምን እንደተለወጠና መቼ እንደተለወጠ ትጠይቅ፣ ቀኑንም ትጻፍ። ችግሮቹን ሊፈቱ በሚችሉና በማይችሉ ትለይ፤ ከሚፈቱት አንዱን መርጣ ለሳምንቱ የሚሆን ትንሽ እርምጃ ከልጅቱ ጋር ትወስን። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ዘዴ አለ፦ በሳምንት አንዴ፣ 90 ደቂቃ፣ 5 ጊዜ፤ የሚሰጠውም የሠለጠነ ተራ ሰው ነው። አዲስ ሠራተኞች ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሺፍት አይለዋወጥባቸው። ዲያዚፓም መፍትሔ አይደለም፤ ያስተኛል፣ ያስለምዳል፣ ችግሩን እንዳለ ያቆየዋል። ለሌሊት ሺፍት ተብሎ የሚቃም ጫት የቀረችውን እንቅልፍም ይወስዳል።

ስለ መሞት ማውራት ከጀመረች ግን የፈቃድ ወሬ አይነሣ። ብቻዋን ሳትተው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትወሰድ። መኪናውን ኃላፊው ያቅርቡ።