ዓመተ ምህረቱ ብቻውን አይበቃም
«የመኪናውን ስምና የተሠራበትን ዓመት ካወቃችሁ ትክክለኛውን የጥገና ማኑዋል ታገኛላችሁ» የሚለው አልተዋጠልኝም። በፈረንጆቹ 1990 የተሠራ ኮሮላ እኮ አንዱ ባለ 12 ቫልቭ 2ኢ ሞተር፣ ሌላው ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ኤፍኢ ሊይዝ ይችላል። ሞተሩ ላይ የተመታውን ኮድ አይታችሁ ፈልጉ። እኔ ሳላጣራ የሌላ ሞተር ገጽ ተከትዬ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎን ሳጠብቅ ቀጭ ብሎ ቀረ፤ ስብርባሪውን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። «ፒዲኤፍ ካለ የታተመ ማኑዋል ምን ያስገዛል?» ላልከው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፒዲኤፉ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመሩን ሥዕል ክፈት። የሽቦዎቹ ቀለም ምልክት ካልተነበበ ወይም ተጣጣፊው ገጽ ግማሹ ብቻ ስካን ከተደረገ ተወው። አሮጌ የታተመ ቅጂ ላይ የግሪስ ጣት አሻራ ሳይ ግን ደስ ይለኛል፤ ተሠርቶበታል ማለት ነው።