በሰው ስም የገባ መስመር

ጎረቤቴ ኬንያዊት ናት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ተከራይታ ትኖራለች። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የግቢው ልጆች «ቲቸር» ይሏታል፤ እኛም ትልልቆቹ እንደዚያው ለመድን። የመኖሪያ ፈቃድ አላት፣ የሥራ ፈቃድ አላት፣ ኪራይዋን ቀን ሳታሳልፍ ትከፍላለች። ቤቷ ኢንተርኔትና ስልክ ለማስገባት ግን ሁለት ወር ከምናምን ፈጀባት። አብሬያት ስለተመላለስኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሲም ካርዱ አላስቸገራትም። ፓስፖርቷን ይዛ ሄደች፣ በዚያው ቀን ቁጥር ይዛ ተመለሰች። መጀመሪያ በሞባይል ዳታ ነበር የምትጠቀመው። ማታ ሳይቱ በሙሉ ከሥራ ሲገባ ግን ኔትወርኩ ይጨናነቃል። እናቷ ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። በቪዲዮ ሲያወሩ ምስላቸው ይደርቃል፣ ድምፃቸው ይቆራረጣል። አንድ ቀን እናቷ የመድኃኒታቸውን መጠን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲነግሯት እኔም ቡና ልጠጣ ገብቼ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ አልሰማችም። ያን ለት ነው የቤት መስመር ይግባልኝ ያለችው።

ወደ አንድ የአገልግሎት ማዕከል ሄድን። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ነገሩ የአንድ ቢሮ ነገር አይደለምና። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት፤ ይህን መመስከር አለብኝ። መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዱን ኮፒ አምጡ ተባልን። አመጣን። በሁለተኛው ሲስተም የለም ተባልን። በሦስተኛው የኪራይ ውል ተጠየቅን። እሱንም ወሰድን። በአራተኛው «የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ቢመጡና በእሳቸው ስም ቢሆን ይሻላል» ተባለ። ለምን? «የውጭ ዜጋ ናቸዋ፤ ነገ ቢሄዱስ?»

አራቱንም ጊዜ ቲቸር ከሥራ አስፈቅዳ ነው የወጣችው። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ቢሰጠን አንድ ቀን ይበቃን ነበር።

የቤቱ ባለቤት እማማ ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖሩት። ቤቱ በዕጣ የደረሳቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከሽሮ ሜዳ አባዶ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር አለባቸው፣ ከዚያ ደግሞ ወረፋ አለ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ አስረዳኋቸው። «ልጄ፣ የማላውቀውን ነገር በስሜ አልፈርምም» አሉኝ። ከዚህ በፊት የነበረ ተከራይ የስልክ ዕዳ ጥሎባቸው ሄዷል። ከፍለው ነው የተገላገሉት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አከራይን ይወቅሳል። እኔ አልወቅሳቸውም። መስመር በአንድ ሰው ስም ከገባ ዕዳውም በዚያ ሰው ስም ነው። ዕዳው ብቻም አይደለም። በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አለ። በአንድ መስመር ላይ ጥፋት ቢፈጸም መጀመሪያ በሩ የሚንኳኳው ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ጡረታ የወጡ እናት ይህን ኃላፊነት ስለ ማያውቁት ሰው ለምን ይሸከማሉ?

ደግሞስ ቲቸር ማን እንደሆነች መንግሥት አያውቅም? ጣቷን አሽታ አሻራ ሰጥታለች፣ ፎቶ ተነስታለች። የመኖሪያ ፈቃዷን የሰጣት የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። የሥራ ፈቃዷ በየዓመቱ ይታደሳል። በ2015 የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም ፋይዳን ለዜጋ ብቻ አላደረገውም፤ በሕጋዊ መንገድ እዚህ የሚኖር የውጭ ሰውም ይመዘገባል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ ማን እንደሆነች ይታወቃል፣ የት እንደምትኖርም ይታወቃል። ታዲያ እማማን ከሽሮ ሜዳ ማስመጣት ምን ይጨምራል?

«ነገ ቢሄዱስ» የሚለው ስጋት መልስ የለውም አልልም። አለው። ውሉ ከመኖሪያ ፈቃዱ ማብቂያ ጋር ይታሰር። ፈቃዱ ሲታደስ ውሉም ይታደስ። ካልሆነ መጠነኛ ማስያዣ ይጠየቅ፣ መስመሩ ሲዘጋ ይመለስላት። ወይም ክፍያው አስቀድሞ ይሁን። በቅድሚያ የከፈለ ሰው ምን ዕዳ ጥሎ ይሄዳል? የሞባይል ካርድ እኮ ሁላችንም ሞልተን ነው የምንደውለው።

መጨረሻ ላይ ያደረግነውን ልናገር። መስመሩ በእኔ ስም ገባ። የቤቴን ማስረጃና መታወቂያዬን ይዤ ሄድኩ፣ ወረቀቱ በአንድ ቀን አለቀ። ቴክኒሻኑ ራውተሩን እኔ ሳሎን ሰቀለው። ከዚያ አንድ ገመድ ከእኔ በር ሥር ወጥቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ቲቸር ቤት ይገባል። ልጆች እንዳይጠልፋቸው በፕላስተር ለጥፈነዋል። የቤት ስልኩም እንደዚያው።

መስመሩ የገባው ግን ሌላ ችግር አልፈን ነው። በእኛ ደረጃ ላይ ያለው የፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው ቀጭን የመስታወት ገመድ፣ ሳጥን ሞልቶ ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ አንድ ሳጥን የሚያስተናግደው የቤት ቁጥር የተወሰነ ነው። ክፍት ቦታ ከሌለ ሰነድህ የቱንም ያህል ቢሟላ መስመር አይገባም። ይህን የሰማነው ሁሉም ወረቀት ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያ መነገር ነበረበት። የብሎክ ቁጥሩን ተቀብሎ ቦታ መኖር አለመኖሩን ማየት ከባድ ሥራ አይመስለኝም።

ዳር ሰፈር ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሁሉም ጋ መጀመሪያ ቤቱ ተሠራ፣ ሰው ገባ፣ ሌላው ሁሉ ከኋላ ተከተለ። በድሮው የመዳብ ሽቦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከስልክ ጣቢያው በራቅህ ቁጥር ኢንተርኔቱ እየደከመ ይሄዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ከናካቴው ተስፋ ያስቆርጣል። ስለዚህ ዳር ላይ ለሚኖር ሰው ፋይበር ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረንም፣ እኔ ልንገራችሁ። የድሮው የቤት ስልክ ኃይል የሚያገኘው በሽቦው ከስልክ ጣቢያው ነበር። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በፋይበር የሚመጣ ስልክ እንደዚያ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቤት ያለው ዕቃ ይጠፋል፣ ስልኩም አብሮ ይሞታል። ቲቸር ይህን ያወቀችው መብራት በጠፋ ማታ፣ እናቷ ጋ ለመደወል ስልኩን ስታነሳ ነው። ጭጭ አለባት። አሁን ለራውተሩ የሚሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ገዝተናል። ዕቃውን የሚገጥም ሰው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ምን ነበረበት? የታመመ ቤተሰብ ያለው ሰው የቤት ስልክ የሚያስገባው ለክፉ ቀን ብሎ ነው።

ገበያው እንደ ድሮው አይደለም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 በ2011 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ተቋቋመ። መስከረም 26 ቀን 2015 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሲም ካርድ ለማውጣት ማንም ሰው ደጅ አይጠናም። ቤት ድረስ የሚገባው መስመርም እንደዚያ ሊቀል ይገባዋል። እዚህ ላይ ባለሥልጣኑ ነው መናገር ያለበት። የምጠይቀውም ብዙ አይደለም። ለውጭ አገር ነዋሪ የሚያስፈልገው ሰነድ በግልጽ ይጻፍ፣ በየማዕከሉ በር ላይ ይለጠፍ። የመኖሪያ ፈቃድና የተመዘገበ የኪራይ ውል ያለው ሰው በራሱ ስም መስመር ያግኝ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰ ወገናችንም፣ ቤት የተከራየ የአገር ሰውም በዚሁ ይገላገላል። ተከራይ ሆኖ የአከራዩን ፊት ያላየ ማን አለ?

የቲቸር የኪራይ ውል ሰኔ ላይ ያልቃል። ትምህርት ቤቷ ወደ ሚገኝበት አያት አካባቢ መዛወር ትፈልጋለች። ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ «መስመሩን ይዤ መሄድ እችላለሁ?» አለችኝ። የቤት ስልኩን ቁጥር ኪሱሙ ለሚገኘው የእናቷ ሐኪም ሰጥታዋለች፤ ማታ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደውለው በዚያ ነው። ቁጥሩ ግን የእኔ ነው። ገመዱም ከእኔ በር ነው የሚነሳው።